ለቤተሰብ የሚሰጠውን የምግብ እጥረት ሕክምና የሚያካሂደውን የሰው ኃይል ማጠናከር

መግቢያ

በአጣዳፊ የምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ሕይወት በአብዛኛው የሚተርፈው በሆስፒታል ሳይሆን ከቤቱ ብዙም በማይርቅ ጤና ኬላ ነው። ለሕክምናው የሚያስፈልጉት ቁሳቁሶች ጥቂት ናቸው፤ የክንድ መለኪያ ጥብጣብ፣ ሚዛን፣ አሞክሲሲሊን፣ በፓኬት የታሸገ አልሚ ምግብና የመመዝገቢያ ካርድ። እነዚህ ሁሉ ተሟልተው ቢገኙ እንኳ ጥብጣቡን በትክክል የሚለካ፣ እብጠትን በጣቱ ተጭኖ የሚያረጋግጥ፣ በቀጠሮዋ ቀን ያልመጣችውን እናት ቤቷ ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ ባለሙያ ከሌለ ሕክምናው ከመጋዘን አያልፍም።

በኢትዮጵያ በተካሄዱት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል የቀነጨሩት በ1992 ዓ.ም 58 ከመቶ፣ በ1997 ዓ.ም 51 ከመቶ፣ በ2003 ዓ.ም 44 ከመቶ፣ በ2008 ዓ.ም 38 ከመቶ፣ በ2011 ዓ.ም ደግሞ 37 ከመቶ ነበሩ። የቀጨጩት በ2008 ዓ.ም 10 ከመቶ፣ በ2011 ዓ.ም 7 ከመቶ ሆነው ተገኝተዋል። መሻሻሉ ከፍተኛ ቢሆንም በመጨረሻዎቹ ዓመታት ፍጥነቱ መቀነሱን አኃዞቹ ያመለክታሉ። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም ባወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን መቀንጨር ለማስወገድ ግብ ጥሏል። ይህ ግብ ከግብርና፣ ከንጹሕ ውኃና ከትምህርት ጋር የተያያዘ ቢሆንም በየቀበሌው የሚፈጸመውን ሥራ በዋናነት የሚሸከመው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ትከሻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህ የሰው ኃይል ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚያዳክመውና በምን መንገድ ሊጠናከር እንደሚችል ማብራራት ነው።

አገልግሎቱ ወደ ጤና ኬላ እንዴት ደረሰ?

እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የከፋ አጣዳፊ የምግብ እጥረት የነበረባቸው ሕፃናት የሚታከሙት አስተኝተው በሚያክሙ የምገባ ማዕከላት ነበር። እናትየው ለሳምንታት ከቤቷ ርቃ መቆየት ነበረባት። በዚህም ምክንያት ሌሎች ልጆቿ ያለ ተንከባካቢ ይቀሩ፣ የእርሻ ወቅት ይስተጓጎል ነበር። በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ተላላፊ በሽታ ከአንዱ ሕፃን ወደ ሌላው መተላለፉም የተለመደ ችግር ነበር። ብዙ እናቶች ይህንን በመፍራት ወደ ማዕከሉ ሳይመጡ ይቀሩ፣ ወይም ሕክምናውን አቋርጠው ይሄዱ ነበር።

ይህንን አሠራር የቀየረው አንዱ ሥራ የተካሄደው በኢትዮጵያ ነው። በ1993 ዓ.ም በሀዲያ የከፋ የምግብ እጥረት የነበረባቸው 170 ሕፃናት በተመላላሽነት እንዲታከሙ ተደርጎ 85 ከመቶ የሚሆኑት ሲድኑ የሞቱት 4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ውጤቱ ከዚያ በኋላ በዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔት ታትሞ በሌሎች አገሮች ከተገኙ ተመሳሳይ ልምዶች ጋር ተዳምሮ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2007 ማኅበረሰብ አቀፍ ሕክምናን የሚደግፍ የጋራ መግለጫ እንዲያወጡ መንገድ ከፍቷል።

በአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም ሲጀመር ለአንድ የገጠር ቀበሌ፣ ማለትም በአማካይ ለ5,000 ያህል ሕዝብ፣ ሁለት ሴት ባለሙያዎች ተመደቡ። አሥረኛ ክፍልን ያጠናቀቁና ከአካባቢው የተመለመሉ ሲሆኑ የአንድ ዓመት ሥልጠና ወስደው በመንግሥት ደመወዝ ይሠሩ ነበር። ሥራቸው በመጀመሪያ በመከላከልና በጤና ትምህርት ላይ ያተኮረ ነበር። በ2000 ዓ.ም የተከሰተው የምግብ ቀውስ ግን ይህንን ድንበር እንዲያልፉ አስገደደ። በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች ክፉኛ በተጠቁ ወረዳዎች የተመላላሽ ሕክምናው ከጤና ጣቢያ ወደ ጤና ኬላ እንዲወርድ ተወስኖ ከዚያ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሺዎች በሚቆጠሩ ጤና ኬላዎች ተስፋፋ። በዘመቻ መልክ በየስድስት ወሩ ይካሄድ የነበረው የልየታ ሥራም ቀስ በቀስ የባለሙያዎቹ የዘወትር ተግባር ሆነ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር የሆኑ ሕፃናትን የምግብ እጥረት መመርመር፣ መመደብና ማከም ወይም ወደ ሌላ ተቋም መላክ በማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ሊከናወን እንደሚችል አረጋግጧል። ይሁን እንጂ መመሪያው ሁለት ቅድመ ሁኔታዎችን አስቀምጧል፤ በቂ ሥልጠናና የአገልግሎቱ አካል የሆነ መደበኛ ክትትል። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገርም በእነዚህ ሁለት ሁኔታዎች ዙሪያ የሚያጠነጥን ነው።

ሥራው ከባለሙያዋ የሚጠይቀው ክህሎት

የተመላላሽ ሕክምናው ከሩቅ ለሚመለከተው ፓኬት ማደል ሊመስል ይችላል። በተግባር ግን አራት ልዩ ልዩ ክህሎቶችን ይጠይቃል።

የመጀመሪያው ልየታ ነው። የላይኛው ክንድ መካከለኛ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ሕፃኑ የከፋ አጣዳፊ የምግብ እጥረት እንዳለበት ያመለክታል፤ ከ11.5 እስከ 12.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ መካከለኛ ነው። ጥብጣቡን ከመጠን በላይ ማጥበቅ ወይም ማላላት በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ስሕተት ይፈጥራል፤ ይህ ጥቂት ሚሊ ሜትር ግን ሕፃኑን ከሕክምና ውጭ ሊያደርገው ይችላል። በሁለቱም እግሮች ላይ የሚታይ እብጠት ደግሞ ራሱን የቻለ የአደጋ ምልክት ነው። እብጠት ያለበት ሕፃን ክብደቱ ጥሩ ሆኖ፣ ፊቱም ሞላ ብሎ ሊታይ ስለሚችል ሁለቱን እግሮች ለሦስት ሴኮንድ ያህል ተጭኖ ጎድጓዳ ምልክት መቅረቱን ያላረጋገጠች ባለሙያ ጤነኛ ነው ብላ ልትሸኘው ትችላለች።

ሁለተኛው ሕፃኑ የት መታከም እንዳለበት መወሰን ነው። የምግብ ፍላጎቱ ያልተዘጋና ሌላ ከባድ ሕመም የሌለበት ሕፃን በጤና ኬላ ይታከማል። አልሚ ምግቡን መብላት ያቃተው፣ የሚያስመልሰው፣ ሰውነቱ የቀዘቀዘ፣ ራሱን የሳተ ወይም ከባድ እብጠት ያለበት ወደ ማረጋጊያ ማዕከል መላክ አለበት። ስለሆነም የምግብ ፍላጎት ምርመራው ጸጥ ባለ ቦታ፣ ሳይጣደፉ፣ እናትየዋ ራሷ እያበላች ሊካሄድ ይገባዋል። ተራ በሚጠብቁ እናቶች በተጨናነቀ ቀን መጀመሪያ የሚታለፈው ይኸው ምርመራ ነው። በመታለፉም በቤቱ ሊታከም የማይገባው ሕፃን ፓኬት ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ሦስተኛው ሳምንታዊ ክትትል ነው። በየሳምንቱ ክብደትና የክንድ ዙሪያ ይለካል፤ እብጠት ይታያል፤ ክብደቱ ያልጨመረ ሕፃን ምክንያቱ ይፈለጋል። ምክንያቱ የተደበቀ ሳንባ ምች ወይም ሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል፤ ፓኬቱ ለወንድምና ለእኅት ተከፋፍሎ ሊሆንም ይችላል። የካርዱን አኃዞች እንደ ታሪክ ማንበብ የሚችል ባለሙያ ልዩነቱን ያውቃል።

አራተኛው ምክርና ትስስር ነው። አልሚ ምግቡ ለታመመው ልጅ መድኃኒት እንጂ ለቤተሰቡ ስንቅ አለመሆኑን፣ ጡት ማጥባት አስቀድሞ እንደሚቀጥል፣ ንጹሕ ውኃ አብሮ መሰጠት እንዳለበት ማስረዳት ቀላል ይመስላል። ቤቷ ሌሎች የተራቡ ልጆች ላሏት እናት ግን ይህ ምክር ከባድ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ምክሩ በትእዛዝ መልክ ሳይሆን የቤተሰቡን ችግር በመጠየቅና በማዳመጥ መጀመር ይኖርበታል።

የሥራ ጫናው በቁጥር ሲታይ

ችግሩን በግልጽ ለመረዳት አንድ ምሳሌ መውሰድ ይጠቅማል። 5,000 ሕዝብ ባለው ቀበሌ ከሰባት ሰው አንዱ ዕድሜው ከአምስት ዓመት በታች ነው ቢባል 700 ያህል ሕፃናት ይኖራሉ። በ2011 ዓ.ም በተገኘው አገራዊ መጠን ሲሰላ 49 ያህሉ የቀጨጩ ሲሆኑ ከእነዚህ መካከል 7 ያህሉ የከፋ ደረጃ ላይ የደረሱ ይሆናሉ። ይህ በአንድ ወቅት የሚታይ ቁጥር እንጂ የዓመቱ ድምር አይደለም፤ በዓመቱ ውስጥ አዳዲስ ሕፃናት ስለሚታመሙ አጠቃላዩ ከዚህ ይበልጣል። ድርቅ ባለበት ወረዳ ደግሞ በብዙ እጥፍ ሊያድግ ይችላል።

700ውን ሕፃናት በወር አንድ ጊዜ ለመለየት ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ብቻ ቢወስድ እንኳ 35 ሰዓት ያስፈልጋል። ይህም የአንዲት ባለሙያ የአንድ ሳምንት ሥራ ያህል ነው፤ ከመንደር መንደር የሚደረገው የእግር ጉዞ አልተቆጠረም። ለሰባቱ ሕፃናት ሳምንታዊ ክትትል በነፍስ ወከፍ ግማሽ ሰዓት ቢመደብ ሦስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። በዚህ ላይ ቀጠሮ ያሳለፉትን ቤት ለቤት መፈለግ፣ ሪፖርት ማጠናቀርና አልሚ ምግቡን ከጤና ጣቢያ ማምጣት ይጨመራል።

በአንጻሩ ባለሙያዋ የምትሠራው ይህንን ብቻ አይደለም። ሲጀመር 16 የነበሩት የፕሮግራሙ ፓኬጆች ከጊዜ ወደ ጊዜ እየሰፉ ሄደዋል። ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ በክንድ የሚቀበር የወሊድ መከላከያ፣ የወባና የሕፃናት ሳንባ ምች ሕክምና፣ የመጸዳጃ ቤት ግንባታ ቅስቀሳ ሁሉ የእርስዋ ሥራ ናቸው። አዲስ ፕሮግራም በመጣ ቁጥር አዲስ መዝገብና አዲስ ሪፖርት ይመጣል፤ የሠራተኛው ቁጥር ግን አይጨምርም። ከሁለቱ ባለሙያዎች አንዷ በወሊድ ፈቃድ፣ በሥልጠና ወይም በስብሰባ ላይ ስትሆን ደግሞ ሥራው ሁሉ በአንዷ ላይ ይወድቃል።

የሰው ኃይሉን የሚያዳክሙ ምክንያቶች

ከሥራ ጫናው ባሻገር ጎልተው የሚታዩ አራት ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው ሥልጠናው ከመመሪያው ለውጥ ጋር አለመራመዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2009 የከፋ እጥረት መለያውን ከ11 ወደ 11.5 ሳንቲ ሜትር አሳድገዋል። በቀድሞው መለያ የሠለጠነችና በአዲሱ ያልታደሰች ባለሙያ ክንዱ 11.2 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ሕፃን ለሕክምና ሳትቀበለው ትሸኘዋለች። የ2023ቱ መመሪያም የአልሚ ምግቡ መጠን በቀን በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት ከ150 እስከ 185 ኪሎ ካሎሪ እንዲሆን መክሯል። እንዲህ ያሉ ለውጦች በደብዳቤ ብቻ ሲተላለፉ በአንድ ወረዳ ውስጥ ሁለትና ሦስት ዓይነት አሠራር ይፈጠራል።

ሁለተኛው የሥራ መልቀቅና የቦታ ዝውውር ነው። አንዲት ባለሙያ ስትዛወር አብሯት የሚሄደው የወሰደችው ሥልጠና ብቻ አይደለም፤ የትኛዋ እናት በገበያ ቀን እንደማትመጣ፣ የትኛው ጎጥ ከወንዝ ማዶ በመሆኑ ክረምት እንደሚቋረጥ የምታውቀው እውቀት ጭምር ነው። ተተኪዋ ይህንን ለማወቅ ወራት ይፈጅባታል።

ሦስተኛው ክትትሉ ከድጋፍ ይልቅ ወደ ቁጥጥር ማዘንበሉ ነው። ተቆጣጣሪው መዝገቡን አይቶ፣ የጎደለውን አስፈርሞ ሲመለስ ባለሙያዋ ስሕተት መደበቅን ትማራለች። ሕክምና ያቋረጠ ሕፃን «ድኗል» ተብሎ ሲመዘገብ ሪፖርቱ ያምራል፤ ሕፃኑ ግን በቤቱ ይሞታል።

አራተኛው የአቅርቦት መቋረጥ ነው። እናት ሁለት ሰዓት ተጉዛ መጥታ «አልሚ ምግቡ አልቋል» ስትባል የምታጣው አመኔታ በቀላሉ አይመለስም። ነቀፋውንም የምትቀበለው መጋዘኑ ሳይሆን ከእናቲቱ ጋር በአንድ ቀበሌ የምትኖረው ባለሙያ ናት።

ለማጠናከር የሚረዱ እርምጃዎች

ሀ. ሥልጠናን በክህሎት ላይ መመሥረት፦ በአዳራሽ ውስጥ የሚሰጥ ገለጻ ብቻውን ክንድ መለካትን አያስተምርም። ሠልጣኞች በርካታ ሕፃናትን ራሳቸው ለክተው ልኬታቸው ልምድ ካለው ባለሙያ ልኬት ጋር ሊመሳከር፣ እብጠት ያለበትን ሕፃን በዓይናቸው አይተው በጣታቸው ሊያረጋግጡ ይገባል። ከዚህ ቀጥሎ በማረጋጊያ ማዕከል ጥቂት ቀናት ቢያሳልፉ ዘግይቶ የተላከ ሕፃን ምን እንደሚመስል ስለሚያዩ ለአደጋ ምልክቶች ያላቸው ንቃት ይጨምራል። መመሪያ በተቀየረ ቁጥር በጤና ጣቢያው ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የግማሽ ቀን ማደሻ መስጠትም ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ለ. ክትትልን ወደ ምክክር መለወጥ፦ አንድ ጤና ጣቢያ አምስት ያህል ጤና ኬላዎችን እንዲደግፍ መዋቀሩ ለዚህ ምቹ ነው። ክትትሉ ውጤታማ የሚሆነው ተቆጣጣሪው በሕክምናው ቀን ተገኝቶ ባለሙያዋ ስትሠራ ሲያይ ነው። ሦስት ሕፃናትን አብሯት እንደገና ለክቶ፣ ሁለት ካርዶችን አብሯት አንብቦ፣ አንድ ሕክምና ያቋረጠ ሕፃን ቤት አብሯት ቢሄድ ከአንድ ቀን የመዝገብ ምርመራ የበለጠ ይጠቅማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ባወጣው መመሪያ ተቆጣጣሪዎች ራሳቸው እንዲሠለጥኑና የሚከታተሏቸው ሠራተኞች ቁጥር እንዲመጠን ያሳሰበው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐ. ሥራን መከፋፈል፦ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ሁሉ ልየታን ባለሙያዋ ብቻዋን ልትሸከመው አይገባም። በኒጀር የተካሄዱ ጥናቶች እናቶች ጥቂት ሥልጠና ካገኙ የልጆቻቸውን ክንድ ከማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ባልተናነሰ ሁኔታ መለካት እንደሚችሉ አሳይተዋል። ባለቀለም ጥብጣብ በእናቶችና በሴቶች ልማት ቡድን አባላት እጅ ሲገባ ሕፃኑ ክፉኛ ሳይጎዳ ይደረስበታል፤ የባለሙያዋ ጊዜም ልዩ ክህሎት ለሚጠይቀው ምርመራና ክትትል ይቆጠባል። ሆኖም ያለ ክፍያ የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች የራሳቸው እርሻና ቤት ስላላቸው የሚሰጣቸው ሥራ የተወሰነና ግልጽ ሊሆን ይገባል፤ የባለሙያዋን ጫና ወደ እነርሱ ማዛወር መፍትሔ አይሆንም።

መ. ደመወዝና የዕድገት መሰላል፦ ባለሙያዎች ከደረጃ 3 ወደ ደረጃ 4 እንዲያድጉ የተዘረጋው የትምህርት ዕድል ብዙዎችን በሥራቸው እንዲቆዩ የሚያበረታታ ነው። ይህ ዕድል ከቦታ ቦታ በተመሳሳይ መለኪያ ሲሰጥ፣ ለትምህርት የሄደችው ባለሙያ ቦታ በጊዜያዊነት ሲሸፈን ጥቅሙ የተሟላ ይሆናል። ከላይ የተጠቀሰው የ2018ቱ መመሪያ ክፍያ ከሥራው ክብደት፣ ከሥልጠናውና ከሰዓቱ ጋር እንዲመጣጠን፣ በውጤት ላይ ብቻ በተመሠረተ ማበረታቻም እንዳይተካ ይመክራል። የምግብ እጥረት ሕክምና ለዚህ ምክር ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ማበረታቻ በዳኑት ሕፃናት ብዛት ብቻ ከተለካ እጅግ የተጎዳውን ሕፃን መቀበል እንደ ጉዳት ይቆጠራል።

ሠ. የመኖሪያና የሥራ ሁኔታን ማሻሻል፦ በጤና ኬላው አጠገብ ደኅንነቱ የተጠበቀ መኖሪያ፣ ውኃና መብራት መኖሩ እንደ ቅንጦት ሊታይ አይገባም። ብቻዋን ረጅም መንገድ የምትጓዝ ወጣት ባለሙያ የምትሠራበት ሰዓትና የምትደርስበት ርቀት የሚወሰነው በደኅንነቷ ነው። በግጭት በተጎዱ አካባቢዎች ጤና ኬላዎች ሲዘረፉና ሲፈርሱ ሠራተኞችም ለወራት ያለ ደመወዝ የቀሩበት ሁኔታ ታይቷል። በእነዚህ ቦታዎች አገልግሎቱን መመለስ ማለት ሕንፃውን መጠገን ብቻ ሳይሆን ሠራተኛዋንም ማቋቋም ማለት ነው።

እነዚህ እርምጃዎች ሲሟሉ የሚገኘው ውጤት በሌላ አገር ተፈትኗል። በማሊ ኪታ አካባቢ በተካሄደ ጥናት የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች በመንደራቸው ካከሟቸው ሕፃናት 94 ከመቶ ሲድኑ በጤና ተቋም ብቻ ከታከሙት የዳኑት 89 ከመቶ ያህል ነበሩ። ሕክምና ያቋረጡትም በመጀመሪያው ቡድን 5 ከመቶ፣ በሁለተኛው 10 ከመቶ ገደማ ነበሩ። ልዩነቱ ሠራተኛው ለቤተሰቡ ቅርብ ከመሆኑ ጋር የተያያዘ ነው።

አቅርቦትና የሰው ኃይል

አንድ ካርቶን አልሚ ምግብ 150 ፓኬት ይይዛል። እያንዳንዱ ፓኬት 92 ግራም ሲመዝን 500 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። በሳምንት 20 ፓኬት የሚያስፈልገው ሕፃን አንዱን ካርቶን በሰባት ሳምንት ተኩል ይጨርሳል። በመሆኑም ለአንድ ሕፃን ሙሉ ሕክምና አንድ ካርቶን ብሎ ማሰብ ለዕቅድ የሚረዳ ቀላል መለኪያ ነው። ባለሙያዎች ይህንን ስሌት ከሠለጠኑበት የሚቀጥለውን ወር ፍላጎት ከመዝገባቸው አስልተው ከማለቁ በፊት ማሳወቅ ይችላሉ።

ይሁን እንጂ ከወረዳ በላይ የሚፈጠረውን ክፍተት ባለሙያዋ ልትሞላው አትችልም። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በሚያዝያ 2017 ዓ.ም በገንዘብ እጥረት ምክንያት በኢትዮጵያ 650,000 ለሚሆኑ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሴቶችና ሕፃናት የሚሰጠውን ሕክምና ለማቋረጥ መገደዱን አስታውቋል። እንዲህ ያለ ውሳኔ ወደ ጤና ኬላ ሲደርስ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ክንዱ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሕፃን ፊቷ ቆሞ ባለሙያዋ ከምክር በቀር የምትሰጠው አይኖራትም። በእንዲህ ያለ ወቅት መካከለኛ እጥረት ያለባቸውን ሕፃናት መዝግቦ መያዝ፣ በየሁለት ሳምንቱ መለካትና ወደ ከፋው ደረጃ የወረዱትን ወዲያው ወደ ሕክምና ማስገባት ሕይወት ያተርፋል። በአካባቢው ከሚገኝ እህል፣ ጥራጥሬ፣ እንቁላልና ወተት የሚዘጋጅ የበለፀገ ገንፎ አሠራርን በተግባር ማሳየትም ይረዳል፤ ነገር ግን ይህ እህል በቤቱ ላለ ቤተሰብ እንጂ ለሌለው መፍትሔ እንደማይሆን መዘንጋት አይገባም።

ከሴፍቲኔት ጋር ያለው ትስስር

እህል በቤቱ ለሌለ ቤተሰብ በ1997 ዓ.ም የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም አለ። በፕሮግራሙ አራተኛ ምዕራፍ ነፍሰ ጡር እናቶች ከመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል አንሥቶ ልጃቸው 12 ወር እስኪሞላው ድረስ፣ በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን የሚንከባከቡ እናቶችም ልጁ እስኪድን ድረስ ከአካል ጉልበት ሥራ ነፃ ሆነው በጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ እንዲታቀፉ ተደንግጓል። ይህ መብት ተግባራዊ የሚሆነው ግን የጤና ባለሙያዋ እርግዝናውን ወይም የሕፃኑን ሕመም አረጋግጣ ለቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይልና ለልማት ሠራተኛው ስታሳውቅ ነው። ባለሙያዋ ይህንን ካላወቀች እናትየዋ የታመመ ልጇን አዝላ ድንጋይ ስትሸከም ትውላለች፤ የሳምንቱንም ቀጠሮ ታሳልፋለች። ከዚያም በካርዱ ላይ «አቋረጠች» ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ የጤናው፣ የግብርናውና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች የስም ዝርዝራቸውን ቢያስተያዩ ብዙ መቋረጦችን ማስቀረት ይቻላል።

ውጤቱ በምን ይለካል?

በዓለም አቀፍ ዝቅተኛ መስፈርት መሠረት ከሕክምናው ከወጡት መካከል የዳኑት ከ75 ከመቶ በላይ፣ የሞቱት ከ10 ከመቶ በታች፣ ያቋረጡት ከ15 ከመቶ በታች ሊሆኑ ይገባል። እነዚህን መለኪያዎች በጤና ኬላ ደረጃ ሲጠቀሙ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአንድ ሩብ ዓመት ሰባት ሕፃናት ብቻ ከወጡ የሁለቱ ማቋረጥ 29 ከመቶ ይሆናል። ይህም ባለሙያዋን ለመውቀስ በቂ ማስረጃ አይደለም፤ ሁለቱ ለምን እንዳቋረጡ ለመጠየቅ ግን በቂ ምክንያት ነው። መቶኛው ለወረዳው፣ የእያንዳንዱ ሕፃን ታሪክ ደግሞ ለጤና ኬላው ቢውል ይሻላል።

ከዚህም በላይ እነዚህ መለኪያዎች የሚናገሩት ስለመጡት ሕፃናት ብቻ ነው። 90 ከመቶ የሚሆኑ ታካሚዎቹን ያዳነ ጤና ኬላ በቀበሌው ካሉት ሕመምተኞች ግማሹን ሳያገኛቸው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም የልየታው ሽፋን፣ በልየታ የተገኙት ከእነርሱ መካከል ሕክምና የጀመሩት ብዛት፣ እንዲሁም ሲገቡ የነበራቸው የክንድ ዙሪያ አብሮ መታየት አለበት። ሕፃናቱ ሲመጡ የክንዳቸው ዙሪያ ወደ 11.5 የተጠጋ ከሆነ ቀድሞ እየተደረሰባቸው ነው፤ ከ10 በታች ከሆነ ግን ከመንደሩ የሚያደርሰው ሰንሰለት አንድ ቦታ ላይ ተበጥሷል ማለት ነው።

መደምደሚያ

አገራችን የምግብ እጥረት ሕክምናን ከሆስፒታል አውጥታ ወደ ቀበሌ ካደረሱት ቀዳሚ አገሮች አንዷ ናት። ይህ ሊሆን የቻለው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች በመሠልጠናቸውና በየመንደሩ በመቆየታቸው ነው። እነዚህን ባለሙያዎች ማጠናከር ማለት በየጊዜው ማሠልጠን፣ በሥራ ቦታቸው ተገኝቶ ማማከር፣ ሸክማቸውን መመጠን፣ ድካማቸውን የሚመጥን ክፍያና የዕድገት መንገድ መስጠት፣ እጃቸውንም ባዶ አለማድረግ ነው። የሐኪሞች፣ የነርሶች፣ የጤና መኮንኖችና የወረዳ ኃላፊዎች ድርሻ በዚህ ላይ ቀላል አይደለም። ከጤና ኬላ የተላከን ሕፃን በአክብሮት ተቀብሎ ማከም፣ ሲድንም የሕክምናውን ውጤት ለላከችው ባለሙያ በጽሑፍ መመለስ ያለ ተጨማሪ በጀት ከነገ ጀምሮ ሊደረግ የሚችል ነው። የላከችው ሕፃን መዳኑን ያወቀች ባለሙያ የሚቀጥለውን ለመላክ አትዘገይም።